ሰባት ቤት ቆጥረን ተጋብተን ልጃችን ለምን አይሰማም? የሚወለደውንስ መቼ እናስመርምር?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ከሚኖሩ አባት ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። «የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። አይሰማም፣ አይናገርም። ባለቤቴ አሁን የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት። የሁለታችንም ጆሮ ደህና ነው። የተጋባነው ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው፤ በሁለቱም ወገን መስማት የተሳነው ሰው የለም። ስለዚህ ‹በዘር ነው› የሚሉትን አልተቀበልኩም። ልጁ በተወለደ በሳምንቱ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ብዙ መርፌም ተወግቷል። እናቴ ‹ጆሮውን የወሰደበት መርፌው ነው› ትላለች። አሁን ደግሞ ጎረቤታችን የጨቅላን የውስጥ ጆሮ የሚመረምር መሣሪያ አለ አለን። ለሚወለደው ልጅ ይጠቅማል? ያማል? እኛንስ መርምሮ ዘሩ እንዳለብን ሊነግረን ይችላል?»

ከሰባት ቤቱ ልጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ለጤናም የሚበጅ ልማድ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስውር የዘር ጉድለት ይዘው የመገጣጠማቸው ዕድል ይጨምራል። ቆጠራው ያንን ዕድል ይቀንሰዋል። ጨርሶ ግን አያጠፋውም። እያንዳንዳችን አብዛኛውን ጂን (ከወላጅ የምንወርሰውን የሰውነት መመሪያ) በሁለት ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሠራል። ሰውዬው ይሰማል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ተሸካሚ ይባላል። ችግሩ የሚታየው ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡና ልጃቸው ከሁለቱም የተበላሸውን ቅጂ ሲወርስ ነው። ያ ቅጂ ከሰባት ቤት አልፎ፣ ማንም ስሙን ከማያስታውሰው ቅድመ አያት ሊመጣ ይችላል። ሁለታችሁ ጨርሶ የማትዛመዱ ብትሆኑም እንኳ በዚያው ጂን ላይ የየራሳችሁን ጉድለት ይዛችሁ ልትገናኙ ትችላላችሁ።

«በዘራችን የለም» የሚለው መከራከሪያም አይቆምም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ሌላ የሰውነት ምልክት ሳይኖረው በዘር ብቻ ከሚመጣው የመስማት ችግር ውስጥ ከ4ቱ 3ቱ ያህል በዚሁ ስውር መንገድ የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ወላጆች፣ ንጹሕ የዘር ሐረግና የማይሰማ ልጅ አብረው ሲገኙ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ዘርን ነው። ይህ እርግማን አይደለም። የእናትየውም የአባትየውም ጥፋት የለበትም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከሁለቱም እኩል የመጣ ነው፤ አንዱ ወገን ሌላውን «ከናንተ ነው» የሚልበት ምክንያት የለም።

ሁለታችሁም በአንዱ ጂን ላይ ተሸካሚ ከሆናችሁ የሚወለደው ልጅ የመስማት ችግር የሚኖርበት ዕድል ከ4 አንድ ነው። ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ይጀምራል። «የመጀመሪያው ስለወሰደው ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ይሆናሉ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እንዲህ አይሠራም። መንስኤው ገና ካልታወቀ ደግሞ፣ የሚሰሙ ወላጆች አንድ መስማት የተሳነው ልጅ ካላቸው በኋላ ሁለተኛው የመድገሙ ዕድል በውጭ አገር ጥናቶች ከ100 ከ10 እስከ 18 ያህል ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛው ልጅ ሰሚ ሆኖ ይወለዳል ማለት ነው። ግን በአጠቃላይ ሲታይ ይህ ዕድል ከ1,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እናትዎ ስለ መርፌው ያሉትን ግን አይጣሉት። በሕይወቱ የመጀመሪያ ሳምንት ታሞ ለተኛ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጄንታማይሲን የሚባል መርፌ ነው። ይህ መድኃኒት የብዙ ጨቅላ ነፍስ አትርፏል። የውስጥ ጆሮንም ሊጎዳ ይችላል፤ በተለይ መጠኑ ሲበዛና ቀኑ ሲረዝም። ከመድኃኒቱ በፊት ሕመሙ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ማጅራት ገትር፣ ሲወለድ መታፈን፣ ልክ ያለፈ የሰውነት ቢጫ መሆን፣ እነዚህ ሁሉ የመስማት ነርቭን ወይም የውስጥ ጆሮን ይጎዳሉ። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ዘርና መርፌ አንድ ላይ። በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ አንድ የዘር ለውጥ አለ። የያዘው ሰው ሳይታወቀው ይኖራል፤ ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን በተለመደው መጠን ቢወጋ እንኳ መስማቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለባለቤትዎ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ። በእናቷ ወገን፣ ከአክስት፣ ከአጎት ወይም ከእህት ወንድም መካከል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለሌላ ሕመም መርፌ ተወግቶ ከዚያ በኋላ ጆሮው የደከመ ሰው አለ? ካለ ለሚያዋልዳችሁ ሐኪም ቀድማችሁ ንገሩ። ይህን ያልኩት አዲሱ ሕፃን ቢታመም መርፌውን እምቢ እንድትሉ አይደለም። የጨቅላ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሐኪሙ ታሪኩን ካወቀ ሌላ አማራጭ ሊመርጥ፣ ካልሆነም መጠኑን ሊከታተል ይችላል።

አሁን ወደ መሣሪያው። በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ውስጥ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ጥቃቅን ህዋሳት አሉ። 12,000 ያህሉ የውጭኛው ረድፍ፣ 3,500 ያህሉ የውስጠኛው ረድፍ ናቸው። የውጭኞቹ የመጣውን ድምፅ ያጎላሉ፣ የውስጠኞቹ ወደ ነርቭ ያስተላልፉታል። በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የውጭኞቹ ህዋሳት ሲሠሩ እነሱ ራሳቸው በጣም ደካማ ድምፅ ያወጣሉ። ይህንን በ1978 እ.ኤ.አ. ያገኘው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ነው። ጎረቤታችሁ የነገሯችሁ መሣሪያ ይህንኑ ድምፅ የሚያዳምጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ጡት ጠብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል። ባለሙያዋ ለስላሳ ጎማ የለበሰች ትንሽ ጫፍ ጆሮው ቀዳዳ ላይ ታስገባለች። ከጫፏ ውስጥ ድምፅ ማውጫና ማይክሮፎን አለ። መሣሪያው ቀጭን የቲክ ቲክ ድምፅ ይልካል፤ ከውስጥ ጆሮ የሚመለሰውን ይቀዳል። አንዱ ጆሮ ካለቀ ወደ ሌላው። ሕፃኑ ካላለቀሰ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። መርፌ የለም፣ ደም የለም፣ ማደንዘዣ የለም። አያምም። ብዙዎቹ ሳይነቁ ያልቃል። ክፍሉ ጸጥ ማለት አለበት፤ እናትየውን ለመጠየቅ የመጣው ዘመድ ሁሉ ውጭ ቢቆይ ጥሩ ነው።

ይህ ምርመራ ግን ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም። ልጁ «አለፈ» ወይም «ይደገም» ይላል እንጂ ስንት እንደሚሰማ አይለካም። «ይደገም» ከተባለ አትደንግጡ። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ጆሮው ውስጥ ነጭ ቅባትና ፈሳሽ ስለሚኖር ደህና ልጅም ይወድቃል። ከ24 ሰዓት በኋላ መመርመር የሚሻለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል «ይደገም» ተብሎ ሳይደገም የቀረ ልጅ ምንም እንዳልተመረመረ ይቆጠራል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ወላጅ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ልጁ ደግሞ ይስቃል፣ ዓይን ለዓይን ይተያያል፣ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ያልፋል።

ሌላ ክፍተትም አለው። የውጭኞቹ ህዋሳት ደህና ሆነው ድምፁ ወደ ነርቭ የማይሻገርባቸው ልጆች አሉ። በእነሱ ላይ ይህ መሣሪያ «አለፈ» ይላል፤ ልጁ ግን አይሰማም። በዘር የሚመጣ እንዲህ ያለ ችግር አለ። የከፋ ቢጫ መሆንና መታፈንም ሊያመጡት ይችላሉ። ስለዚህ ወንድሙ መስማት ለተሳነው ልጅ እኔ በዚህ መሣሪያ ብቻ አልረካም። ሁለተኛውና የተሻለው ምርመራ የመስማት ነርቭንና የአንጎል ግንድን ምላሽ የሚለካው ነው። ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ላይ የሚጣበቁ ትንንሽ ሽቦዎች አሉት። ወደ ልጁ የሚገባ ኤሌክትሪክ የለም፤ ከራሱ አንጎል የሚወጣውን ብቻ ያነባል። ሙሉው ምርመራ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ልጁ መተኛት አለበት። ከ3 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ጡት ጠብተው በተፈጥሮ እንቅልፍ ይመረመራሉ። ከዚያ ካለፈ ማስተኛት እያስቸገረ ይሄዳል። ቀደም ብሎ መምጣት የሚያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ዓለም አቀፉ ልማድ ግልጽ ነው። እስከ 1 ወር የመጀመሪያው ምርመራ፣ እስከ 3 ወር የተረጋገጠ ውጤት፣ እስከ 6 ወር ደግሞ እርዳታው ይጀመራል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ተካሂዶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ6 ወራቸው በፊት የተለዩ ልጆች ዘግይተው ከተለዩት የተሻለ ቋንቋ እንዳዳበሩ አሳይቷል። አንጎል ቋንቋ የሚቀበልበት ጊዜ አለው፤ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ከቀጠሮው ጋር ይጋጫል። አራስ ከቤት አትወጣም። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ሕፃን ይዞ ባሕር ዳር መጓዝ ለአያቶች ይከብዳቸዋል። ልማዱን አልነካም። መፍትሔው ምርመራውን ከወሊዱ ጋር ማያያዝ ነው። ምርመራው ባለበት ሆስፒታል መውለድ የምትችሉ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ያስደርጉ። ካልሆነ የ45 ቀን ክትባት ሳምንት የመጨረሻችሁ ይሁን። ልጅቷ ሴት ከሆነች 80ውን መጠበቅ አልመክርም፤ ለክርስትናው ይጠበቅ፣ ለጆሮው ግን አይጠበቅ።

በቤት ውስጥ ሙከራ አትተማመኑ። ጭብጨባ ነፋስ ያመጣል። የድስት ክዳን ወለል ላይ ሲወድቅ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። የማይሰማ ልጅ ሁለቱንም በቆዳው ያውቃል። ድምፅ ማውጣቱም አያሳስታችሁ፤ መስማት የተሳነው ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት «አ...ኡ» ይላል። የሚቀርበት ከ7 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ የሚጠበቀው «ባባባ»፣ «ማማማ» ነው። «ወንድ ልጅ ቋንቋው ይዘገያል፣ አባቱም እንዲህ ነበር» የሚለውን አነጋገር ለናንተ ቤት ጨርሶ አልቀበልም።

«አለፈ» ከተባለም ፋይሉ አይዘጋ። አንዳንዱ በዘር የሚመጣ ችግር ልጁ ሰሚ ሆኖ ከተወለደ በኋላ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በ9 ወሩ አንዴ፣ 2 ዓመት ከሞላው በኋላ እንደገና ይመርመር። በመሃል መናገር ጀምሮ ቢያቆም ወይም ማጅራት ገትር ቢይዘው ቀጠሮ አትጠብቁ። ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጥ ጆሮ በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት መቀየር ሊጀምር ስለሚችል ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

እናንተን መርምሮ ተሸካሚነታችሁን ስለማወቅ ለጠየቁት መልሱ አጭር ነው። መሣሪያው አይችልም። ተመራማሪዎች በተሸካሚዎች የውስጥ ጆሮ ምላሽ ላይ ትንሽ ልዩነት አይተዋል፤ ግን ይህ የሚታየው ብዙ ሰዎችን በቡድን ሲያወዳድሩ ነው። በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ተመሥርቶ «አንተ ተሸካሚ ነህ» ማለት አይቻልም። እንዲህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትክፈሉ። በሆድ ያለው ልጅ መስማት አለመስማቱንም አልትራሳውንድ አያሳይም። የሚነግራችሁ የዘረመል (የጂን) ምርመራ ብቻ ነው። እሱም በአገራችን እንደልብ አይገኝም፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ዕድሉን ካገኛችሁ መጀመሪያ የሚመረመረው ልጃችሁ ይሁን፤ እናንተ ቀጥላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለመስማት ችግር ምክንያት የሚሆኑ ጂኖች ከ100 በላይ ናቸው። በአውሮፓውያን ዘንድ በብዛት የሚገኘው የአንድ ጂን ለውጥ ከሰሐራ በታች ባሉ አፍሪካውያን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ የዚያ አንድ ጂን ውጤት «ነፃ» ቢልላችሁ ምንም አልነገራችሁም። ብዙ ጂኖችን በአንዴ የሚያይ ካልሆነ ገንዘባችሁን ለመስሚያ መሣሪያ ብታስቀምጡት ይሻላል። የሚወለደው ልጅ ምርመራ የዘረመሉን ውጤት መጠበቅ የለበትም።

ስለ ትልቁ ልጅ ጥያቄ አላቀረቡም። እኔ ግን አላልፈውም። በደብዳቤዎ ውስጥ በመሣሪያ ስለመመርመሩ አንድም ቃል የለም። 6 ዓመቱ ነውና በማዳመጫ መመርመር ይችላል። የትኛው ጆሮ ምን ያህል ድምፅ እንደቀረለት መታወቅ አለበት፤ «አይሰማም» የሚባሉ ብዙ ልጆች የተረፈ መስማት አላቸው፣ መሣሪያም ይጠቅማቸዋል። ከዚያ ባልተናነሰ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ፣ ያስደርጉለት። መስማት አለመቻልና አደገኛ የልብ ምት መዛባት አብረው የሚወረሱበት በሽታ አለ። ብዙ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ይገድላል። ልጁ ሲሮጥ፣ ሲደነግጥ ወይም ሲናደድ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃል? ይህ ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ እየተባለ ይታለፋል። ኢሲጂ ርካሽ ነው፣ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ልብስ ከማውለቅ ያለፈ ሥቃይ የለውም። ዓይኑንም ያሳዩ፤ ሲመሽ የሚደናቀፍ ከሆነ በተለይ። እንቅርት ካለበትም ለሐኪሙ ይንገሩ። በደጋው ጎጃም እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ ከአዮዲን እጥረት ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከመስማት ችግር ጋር በዘር የሚመጣ አለ።

ጆሮው ውስጥ ምንም አትጨምሩ። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የሞቀ ዘይት፣ የእናት ጡት ወተት፣ አንዱም ወደ ውስጥ ጆሮ አይደርስም። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ግን ኢንፌክሽን ያመጣል። ጸበል መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፤ ውኃው ወደ ጆሮው ቀዳዳ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ቀጠሮውንም በእሱ አትተኩት።

ምክሬ ይኸው ነው። ወሊዱ ሆስፒታል ይሁን፣ ጤና ጣቢያ ወይም ቤት አይሁን። ባለቤትዎ በአዮዲን የበለጸገ ጨው ትጠቀም፣ የእርግዝና ክትትሏን አታቋርጥ፣ ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት አትውሰድ። ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም መሄድ ይቻላል፤ ባሕር ዳር ወዳሉት ወደ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ቢጻፍላችሁ ዝም ብላችሁ አትሳፈሩ። አስቀድማችሁ የአንገት በላይ ክፍሉን በስልክ ጠይቁ። የጨቅላ የመስማት ምርመራ አለ? መሣሪያው አሁን ይሠራል? የነርቭ ምላሹን የሚለካውስ አለ ወይስ አዲስ አበባ ነው የሚላከው? ስትሄዱ ሁለቱንም ልጆች ይዛችሁ ሂዱ። የትልቁ የሆስፒታል ወረቀት፣ የተወጋው መድኃኒት ስም ያለበት ማንኛውም ነገር ካለ አብሮ ይምጣ።

አዲሱ ልጅ ችግር ከተገኘበት በወራት ዕድሜው የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ይቻላል። ጆሮው ሲያድግ መሣሪያው ጆሮ ላይ የሚገጠምበት ቅርጽ ይቀየራል፣ ባትሪም በየጊዜው ይገዛል፤ ይህን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡት። መሣሪያ የማይበቃው ከሆነ በቀዶ ጥገና የውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚተከል መሣሪያ አለ። ውድ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለዓመታት የንግግር ሥልጠና ይፈልጋል። ሲወለድ ጀምሮ ለማይሰማ ልጅ ውጤቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሠራ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጣም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለ6 ዓመቱ ልጅ ቤትና በሬ ሸጣችሁ ወደዚያ እንድትሮጡ አልመክርም።

ለእሱ የምመክረው ቋንቋ ነው፣ አሁኑኑ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ይማር፤ እናንተም፣ አያትየውም ተማሩ። «ምልክት ከተማረ አይናገርም» የሚባለው ስህተት ነው። ምልክት ንግግርን አያግድም፤ ልጁን ያለ ቋንቋ ማቆየት ግን አስተሳሰቡንም ትምህርቱንም ይጎዳል። 6 ዓመት አልፏል፤ ሌላ ዓመት መጨመር የለበትም። በዚህ ሳምንት ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው የምልክት ቋንቋ መምህር ያለው ትምህርት ቤት የት እንዳለ ይጠይቁና ለመጪው መስከረም ያስመዝግቡት።